ኩይሳ ውስጥ ማን ይኖራል? ስለ አፈርና ስለ ምስጥ ቤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ምስጥ አንድ ነገር ባወራሁ ቁጥር እነዚሁ ጥያቄዎች ይመለሱብኛል። አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ቅደም ተከተላቸው የተጠየቅኩበት እንጂ የመጽሐፍ አይደለም።

ረቂቅ ተህዋስያን የምትለው እነማንን ነው?

በዓይን የማይታዩትን። ባክቴሪያ፣ ፈንገስ፣ ፕሮቶዞኣ (ባለ አንድ ሕዋስ ትንንሽ ፍጥረታት)፣ አርኬያ (ባክቴሪያ የሚመስሉ ግን ሌላ ወገን የሆኑ)። ሻጋታም ሆነ እርሾ ፈንገስ ነው፤ ይሄን ለማያውቅ ሰው ለመናገር ያህል ነው። አንዲት ግራም ጤነኛ አፈር ውስጥ የባክቴሪያው ቁጥር እስከ ቢሊዮን ይደርሳል፣ ዝርያው ደግሞ በሺዎች ይቆጠራል። ይሄን የሰማ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው የሚኖሩ ይመስለዋል። አይደለም። ከአፈሩ ቅንጣት ገጽ ላይ የያዙት 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። የቀረው ገጽ ባዶ ነው፣ ምድረ በዳ በሉት። አብዛኞቹም ተኝተዋል። ውሃ ወይም የሚበላ ነገር እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

ከየት ነው የሚመጡት?

ከየትም። ነፋስ ከአቧራ ጋር ያመጣቸዋል፣ ጎርፍ ያመጣቸዋል፣ የከብት ኮቴ፣ ፍግ፣ የምንዘራው ዘር ልጣጭ። መምጣቱ ቀላል ነው፣ ፈተናው መቆየት ነው። ባስ ቤኪንግ የሚባል የኔዘርላንድ ሳይንቲስት በ1934 ሁሉም ተህዋስ ሁሉም ቦታ ይደርሳል፣ የሚመርጠው ግን አካባቢው ነው ብሎ ነበር። ሁለተኛው ግማሽ እስከ ዛሬ ይሠራል። የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ግን ብዙ ተከራክረንበታል፤ ሁሉም ሁሉም ቦታ አይደርስም፣ ደግሞ ማን ቀድሞ ደረሰ የሚለው ነገር ራሱ ውጤቱን ይቀይረዋል።

ታዲያ ማን እንደሚቆይ የሚወስነው ምንድን ነው?

ይሄን ከሁሉም በላይ የምታውቀው ጠላ ጠማቂ ናት። ጋኑ መጀመሪያ በግራዋ ይታሻል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል፣ ከዚያ ነው ጌሾው የሚገባው። ያ ሁሉ ልፋት ለመዓዛ ብቻ አይደለም። ጋኑ ግድግዳ ላይ የተደበቀውን የማይፈለግ እንግዳ ማስወጣት ነው። እርሾው ደግሞ ቀድሞ ከያዘ ስኳሩን በልቶ አልኮሉን ይለቅና ኋላ የመጣውን መቀመጫ ያሳጣዋል። አንድ ቀን የተሳሳተው ከቀደመ ግን ጠላው ሆምጣጤ ይሆናል። ጋኑም ብቅሉም ያው ነው፣ የተለየው ማን ቀደመ የሚለው ብቻ ነው።

አፈርም እንደዚሁ ነው። ቤቱ ማንን ያስገባል፣ ማን ቀደመ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ዕድል።

ቤቱ ማንን ያስገባል ከሚሉት ነገሮች ውስጥ ትልቁ የአፈሩ አሲዳማነት ነው። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ የተሰበሰበ አፈር አወዳድሮ፣ የባክቴሪያውን ስብጥር በደንብ የሚተነብየው ሙቀቱ ሳይሆን ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) መሆኑን አሳይቷል። ሰው የሚጠብቀው በረሃና ደጋ፣ ቆላና ጫካ ይለያያሉ ብሎ ነው። ይለያያሉም። ግን ፒኤቻቸው የተቀራረበ ሁለት ሩቅ ቦታዎች፣ ፒኤቻቸው ከተራራቀ ሁለት ጎረቤት ማሳዎች የበለጠ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ጎጃም ወይም ወለጋ ላይ አሲዳማ ማሳ ላይ ኖራ የበተነ ገበሬ ለሰብሉ ብቻ የበተነው ይመስለዋል እንጂ ከሥር ያለውን ነዋሪ ሁሉ ነው የቀያየረው።

ሌላው ነገር ጓል ነው። አንዲት ጓል ውጪዋ አየር ያገኛል፣ መሀሏ ላይ ግን ኦክስጅን አልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አየር የሚወዱና አየር የሚጠሉ ተህዋስያን በሚሊሜትር ርቀት ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። የተክል ሥር አጠገብ ሲሆን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሥሩ ስኳርና አሲድ ያንጠባጥባል፣ ያችን ብለው የሚሰበሰቡት ብዛታቸው ከዚያ ወጣ ብሎ ካለው አፈር በእጅጉ ይበልጣል። ሥሩ ግብዣ ጠርቷል፣ ግን ሁሉንም አልጠራም።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አፈር ለምን እንደዚያ ይሸታል?

ጂኦስሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በዋናነት የሚሠሩት ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እንደ ፈንገስ ክር እየሠሩ የሚያድጉ። እነዚህ ናቸው ለሰው ልጅ ስትሬፕቶማይሲንን የሰጡት፤ በ1943 አሜሪካ ውስጥ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ከአፈር ተለይቶ የወጣው የቲቢ መድኃኒት። ስማቸውን ያዙልኝ፣ ኩይሳው ውስጥ እንደገና እናገኛቸዋለን።

በበጋ የደረቀ አፈር ዝናብ ሲያገኝ የሚሆነው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ተኝተው የነበሩት በሰዓታት ውስጥ ይነሳሉ፣ በድርቁ የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ይበላሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፣ ናይትሮጅንም ይለቀቃል። ይሄ ነገር የበርች ውጤት ይባላል፣ ኬንያ ውስጥ ሲሠራ በነበረው በበርች ስም፣ 1958 ላይ በጻፈው።

ምስጥ እንጨትን እንዴት ነው የሚፈጨው?

ብቻውን ብዙም አይችልም። ሆዱ ውስጥ ያሉት ናቸው ትልቁን ሥራ የሚሠሩለት።

በነገራችን ላይ ምስጥ የጉንዳን ዘመድ አይደለም። የበረሮ ዘመድ ነው። ይሄን ስናገር ፊት የሚያጠቁርብኝ ሰው አይጠፋም፣ ግን እውነት ነው። የጥንቶቹ የምስጥ ወገኖች ሆዳቸው ውስጥ እንጨት የሚበሉ ፕሮቶዞኣዎች አሉ። ኋላ የመጡት ደግሞ በባክቴሪያ ይሠራሉ፣ ወይም እንደ እኛ አገር ትልልቅ ኩይሳ ሠሪዎች ፈንገስ ያርሳሉ።

ጨቅላው ምስጥ ሲፈለፈል ሆዱ ባዶ ነው። ታላላቆቹ የሆዳቸውን ተህዋስያን በአፋቸውም በፊንጢጣቸውም ያጎርሱታል። ይቀፋል፣ አውቃለሁ። ግን እናቴ እርሾዋ የተበላሸባት ቀን ጎረቤት ልካ ታስመጣ አልነበር? ያው ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ደግሞ ቆዳቸውን በቀየሩ ቁጥር የአንጀታቸውም ሽፋን አብሮ ይወልቃል፣ ነዋሪዎቹም አብረው ይጠፋሉ፣ እንደገና ከእህት ወንድሞቻቸው መጉረስ አለባቸው። ብቻውን የሚኖር ምስጥ የሌለው አንዱ ምክንያት ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ኩይሳ ሲፈርስ ውስጡ የሚገኘው ስፖንጅ የመሰለ ነገር ምንድን ነው? እንቁላል ነው?

አይደለም! የእርሻ ማሳ ነው። ይሄ ጥያቄ በጣም ስለምወደው ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በደቡብ፣ በኮንሶና በያቤሎ በኩል የሄደ ሰው ቀያዮቹን ረጃጅም ኩይሳዎች አይቷቸዋል፣ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚበልጡ አሉ። አንዴ መንገድ ሲጠረግ ግሬደር ለሁለት የገመሰው አንድ ኩይሳ አጠገብ ቆምኩ። ግድግዳው እንደ ሲሚንቶ ነው፣ በጥፍር አይነካም። እጄን ወደ ውስጥ ሳስገባ ግን ሞቃትና እርጥብ ነበር፣ የሊጥ ቡሃቃ ላይ እጃችሁን ስታስቀምጡ እንደሚሰማው። ከውስጥ ያወጣሁት ነገር መጠኑ ጭብጥ የሚሞላ፣ የተሸበሸበ፣ የዋልነት ፍሬ ወይም የበግ አንጎል የሚመስል፣ ቡናማ ነገር ነው። ላዩ ላይ ከስፒል ራስ የማይበልጡ ነጫጭ እንክብሎች ነበሩ።

እንክብሎቹ ፈንገስ ናቸው። ስሙ ተርሚቶማይሲስ ነው፣ ከምስጥ ጋር ካልሆነ አይኖርም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ወጣት ሠራተኞች ደረቅ ሳርና እንጨት ይበላሉ፣ አብረውም እንክብሎቹን ይበላሉ። በቅጡ ሳይፈጭ ይወጣና ያንን እየደረቡ ስፖንጁን ይገነባሉ። ዘሩ አብሮ ወጥቷል ማለት ነው። ፈንገሱ ያድግበታል፣ እንጨትን የሚያጠነክረውን፣ እኛ የማንፈጨውን ሊግኒን የሚባል ነገር ሁሉ ይሰባብራል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሠራተኞች ከሥር ያለውን የበሰለውን ክፍል ይበሉታል። ከላይ ይዘራል፣ ከታች ይታጨዳል።

ይሄ እርሻ የሰው ልጅ ከማረሱ በፊት የነበረ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ሩክዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ 25 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ድንጋይ የሆነ የፈንገስ ማሳ ተገኝቷል። እኛ ማረስ ከጀመርን ገና ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሺህ ዓመት ቢሆነን ነው።

ሌላ ሻጋታ ለምን አይወረውም? ሞቃት፣ እርጥብ፣ ምግብ ሞልቷል

ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ሞክሬው አውቃለሁ። ከዚያ ስፖንጅ ላይ ምስጦቹን አራግፌ በላስቲክ ዕቃ ይዤ መጣሁ፣ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጬው ረሳሁት። በሳምንቱ ሳየው ነጫጭ እንክብሎቹ የሉም፣ በምትኩ ጣት የሚመስሉ ቀጫጭን ዘንጎች ከየአቅጣጫው ወጥተውበታል። ፕሱዶዛይላሪያ የሚባል ሌላ ፈንገስ ነው። ከውጭ አልመጣም። ከመጀመሪያውም እዚያው ስፖንጁ ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ ምስጦቹ እስኪሄዱለት ነው የጠበቀው።

ምስጦቹ ሲኖሩ ግን ቀን ተሌት ያርማሉ። የማይፈለገውን ያወጣሉ፣ ይቀብራሉ። ምግቡ አንጀታቸው ውስጥ ሲያልፍ ብዙው የሻጋታ ዘር ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ፀረ ፈንገስ ንጥረ ነገር ይሠራሉ። ማክሮተርምስ ከሚባለው ፈንገስ አራሽ ምስጥ የተገኘ ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ፣ ባሲላየን የሚባል ነገር እንደሚሠራና ያ ነገር ሰብሉን ፈንገስ ብዙም ሳይጎዳ አረሞቹን እንደሚጨቁን በቤተ ሙከራ ታይቷል። ስትሬፕቶማይሲስም አሉ፣ ያልኳችሁ። አየሩም ራሱ አጋዥ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከውጭ አየር ብዙ እጥፍ ነው፣ ሙቀቱም ወደ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ብዙ አይዋዥቅም።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። አንድ ኩይሳ ውስጥ ያለው ፈንገስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዘር ብቻ ነው። ማንም ዘር መርጦ አልዘራም። መጀመሪያ ላይ የተለያየ ዘር ሊገባ ይችላል፣ ግን ተመሳሳይ የሆኑት ክሮች ሲገናኙ ይዋሃዳሉ፣ የተዋሃደው ብዙ እንክብል ያወጣል፣ ብዙ እንክብል ያወጣው ብዙ ይበላል፣ ብዙ የተበላው ብዙ ይዘራል። ጥቂት ዙር ካለፈ በኋላ ብልጫ ያገኘው ዘር ሁሉን ይጠቀልላል። ስብስብ የሚፈጠረው እንደዚህ ነው፣ ያለ አለቃ።

አሸን ሲወጣ ፈንገሱን ይዞ ነው የሚሄደው?

አብዛኛው አይዝም። ሰው ይሄን ሲሰማ አያምንም፣ እኔም መጀመሪያ አላመንኩም።

እንደ አሸን ፈላ የምንለው ከዝናብ በኋላ የሚበርረው የወደፊት ንጉሥና ንግሥት ነው። ሆዳቸው ውስጥ የአንጀት ባክቴሪያ ይዘው ይሄዳሉ። ክንፋቸውን ጥለው መሬት ይቆፍራሉ፣ ይዘጋሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ያሳድጋሉ። እነዚያ ልጆች ናቸው ወጥተው የፈንገሱን ዘር ከሜዳ ለቅመው የሚገቡት። ጊዜው እንጉዳዩ ከየኩይሳው ላይ በቅሎ ዘሩን ከሚበትንበት ወቅት ጋር ይገጣጠማል። ካልገጠመ ያ ቤት ያልቅለታል። ለየት የሚሉም አሉ፤ ማይክሮተርምስ በሚባለው የምስጥ ወገን ሴቷ ይዛ ትሄዳለች፣ ማክሮተርምስ ቤሊኮሰስ ላይ ደግሞ ወንዱ።

ስለዚህ የአንጀቱ ባክቴሪያ ከወላጅ ይወረሳል፣ ማሳው ግን በየትውልዱ ከጎረቤት ይለቀማል።

ኩይሳ ላይ የሚበቅለው እንጉዳይ ይበላል?

የተርሚቶማይሲስ እንጉዳዮች በብዙ የአፍሪካ አገር ተወዳጅ ምግብ ናቸው። ዛምቢያ ውስጥ ባርኔጣው ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ዓይነት አለ። ግን ኩይሳ አጠገብ የበቀለ ሁሉ ያ ነው ማለት አይደለም፣ የጅብ ጥላም ይበቅላል። በልጅነቱ የለቀመና የሚለይ ሰው ሳይኖር አትብሉ። በፎቶ ላኩልኝና ልንገራችሁ አትበሉኝም፣ አልነግርም።

የኩይሳ አፈር ማሳ ላይ ቢበተን ይጠቅማል?

እንደ ኩይሳው ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ገበሬዎች ሲበትኑ የቆየ ልማድ አለ፣ በካልሲየምና በሸክላ የበለጸገ ኩይሳ ለአሸዋማ ማሳ ይበጃል። ግን ትልልቆቹ ኩይሳ ሠሪዎች ግድግዳውን የሚሠሩት ከጥልቅ ባወጡት ሸክላና በምራቃቸው ነው፣ ብስባሹ አነስተኛ ነው፣ ተህዋስያኑም እንደዚያው። አፈር በሎቹ ኩቢተርምስ ደግሞ በራሳቸው ፋንድያ ነው የሚገነቡት፣ ያኛው ብስባሽ ይበዛዋል፣ የሚኖርበትም ሌላ ነው። ኩይሳ ስላለ ብቻ ማዳበሪያ ነው ማለት አይቻልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መርዝ የተደረገበትን ኩይሳ ጎመን ላይ እንዳትበትኑ።

ንግሥቲቱን ቆፍሮ ማውጣት ምስጡን ያጠፋዋል?

ምዕራብ ወለጋ፣ መንዲና ነጆ አካባቢ ይሄ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ቤት፣ በቆሎ፣ የግጦሽ ሣር፣ ሁሉም ይበላል። ንግሥት ማውጣትም መርዝ መጨመርም ለዓመታት ተሞክሯል። የወጣችበት ኩይሳ ሊሞት ይችላል፣ ግን ምትክ የሚያነግሡ አሉ፣ ቤቱ ከመሬት በላይ የማይታይም ሞልቷል። የእኔ አመለካከት ምስጡ ሰብል ላይ የሚወጣው ሌላ የሚበላ ደረቅ ነገር ሲያጣ ነው የሚል ነው፤ መሬቱ ተግጦና ተጠርጎ ሲራቆት የቀረለት የእናንተ በቆሎ ነው።

ጣዝማስ? እሷም መሬት ውስጥ ነው የምትኖረው

አዎ፣ እና ከምስጥ ያልተናነሰ ነገር ትሠራለች። ጣዝማ የማትናደፍ ንብ ናት፣ ከመሬት በታች ትቀመጣለች። በእርጥብ አፈር ተከባ ማሯን የምታስቀምጠው ከሰምና ከዛፍ ሙጫ በሠራቻቸው ትንንሽ እንስራዎች ውስጥ ነው። ሙጫው ግድግዳም ነው፣ መድኃኒትም ነው፤ ብዙ ባክቴሪያና ሻጋታ አይወደውም። ማሩ ከተለመደው ማር ይልቅ ውሃ ይበዛዋል፣ ይኮመጥጣልም። ስለዚህ ከቤቱ ወጥቶ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ፣ በተለይ ሲቆፈር አፈር ከነካው፣ ቶሎ ይፈላል። ሻጩ አጭበርብሮኛል ከማለታችሁ በፊት ይሄን አስቡ።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጣዝማም ሆነ ሌላ ማር አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ሰውነት የሚያዝል መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ዘሩ ማር ውስጥ ተኝቶ መቆየት ይችላል፣ የሕፃኑ አንጀት ደግሞ ገና ነዋሪ አልያዘም።

ምስጥ ሚቴን ይለቃል ይባላል

ይለቃል፣ አየሩን የሚያሞቅ ጋዝ ነው። ግን በ2018 አውስትራሊያ ላይ የተሠራ ጥናት ምስጡ ከሚያመነጨው ሚቴን በአማካይ ግማሽ ያህሉን ከኩይሳው ሳይወጣ እዚያው ያሉ ባክቴሪያዎች እንደሚበሉት አሳይቷል።

በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ ማሳዬ ላይ ብረጭ ይጠቅመኛል?

አብዛኛውን ጊዜ ገንዘባችሁን ነው የምትረጩት። ነባሮቹ አሉ፣ አፈሩን ለምደውታል፣ እንግዳው በቀናት ውስጥ ያልቃል። ለየት የሚለው ራይዞቢየም ነው፣ ለጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዘው ባክቴሪያ፣ ምክንያቱም የሚገባበት ቤት አለው፦ ሥሩ ላይ ያለው እብጠት። ይሄም ለትክክለኛው ሰብል ትክክለኛው ዓይነት ሲሆን ነው። መሥራቱን ለማወቅ አንድ ባቄላ በአበባው ጊዜ ከነሥሩ ንቀሉና እብጠቷን በጥፍራችሁ ሰንጥቁ። ውስጧ እንደ ሥጋ ቀላ ካለ እየሠራች ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ የለችበትም።

ቤት ውስጥ ልሞክረው የምችለው ነገር አለ?

ያረጀ ነጠላ ፈልጉ፣ ከጥለቱ በቀር ንጹሕ ጥጥ የሆነ። መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች ቅደዱ፣ ከነጥለቱ ቢሆን ይመረጣል። አንዱን ፍግ የለመደ ጓሮ ውስጥ፣ ሌላውን መኪና የሚቆምበት የተጠቀጠቀ መሬት ውስጥ፣ በአንድ ስንዝር ጥልቀት ቅበሩ። ምልክት አድርጉበት፣ እኔ አንዴ ቦታው ጠፍቶኝ ግማሽ ጓሮ ቆፍሬአለሁ። በክረምት ከሆነ ሁለት ወር ይበቃል። ከጓሮው የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ጨርቅ አይደለም፣ ጥጡን በልተውት ሰው ሠራሽ ክር የሆነው ጥለት ብቻ እንደ ሪባን ተንጠልጥሎ ይወጣል። ከመኪና ማቆሚያው የወጣው ታጥቦ ሊለበስ ምንም አይቀረው።